የጋሽ ዳልኬ የዓሣ ሚዛን

ጋሽ ዳልኬ ማረፉን ሰው አልነገረኝም። መርዶውን ያመጣልኝ ቆራሌው ነው፣ እሱም ምን እንደያዘ ሳያውቅ።

ጫሞ ሐይቅ አጠገብ ባለችው ከተማችን፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በሩ ላይ ተቀምጬ ሳለ ቆራሌው ጋሪውን እየገፋ መጣና ውሃ ለመነኝ። እሱ ሲጠጣ ዓይኔ ጋሪው ላይ አረፈ። አሮጌ ራዲያተር፣ የተጣመመ ቸርኬ፣ የበሰበሰ ላሜራ። ከመሀላቸው ፊቱ እንደ ግድግዳ ሰዓት ክብ የሆነ፣ ከታች መንጠቆ ያለው ሚዛን ተጋድሟል። ጫሞ ዳር ዓሣ የሚመዝኑበት ዓይነት ነው። መስታወቱ በቀኝ በኩል ተሰንጥቋል። ስንጥቁን አውቀዋለሁ፤ ከዓመታት በፊት ላግዝ ብዬ ከእጄ አምልጦኝ የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ።

ከየት እንዳመጣው ጠየቅኩት። ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ፣ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበሩ፣ ካረፉ ወር ሊሞላቸው ነው፣ ልጃቸው ብረታ ብረቱን አውጥታ ሸጠችልኝ አለኝ። ብረቱን በራሳቸው ሚዛን መዝኖ ገዛና መጨረሻ ላይ ሚዛኑንም ጨመረችለት።

እንዲህ ነው የሰማሁት። ከሲቀላ ኦቾሎ ስንት መንገድ ሆኖ ነው? እኔም ጎረቤት ተብዬ፣ እሱ አፈር ሲለብስ ፍሬን ሸራ ስሸጥ ነበር። ሚዛኑን ከቆራሌው ላይ ገዛሁትና ሱቁን ዘግቼ ውስጥ ተቀመጥኩ። ደንበኛ ሲያንኳኳ ዝም አልኩ። ዝም ማለት እንደሆነ እችልበታለሁ፤ ለምን እንዲህ እንደምል ትንሽ ቆይታችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔ የሸዋ ሰው ነኝ። በመንግሥት ሥራ መጥቼ፣ አግብቼ፣ ሱቅ ከፍቼ እዚሁ ቀረሁ። የእኔ ወሬ ይብቃ። ጋሽ ዳልኬ የኦቾሎ ልጅ ነው። ጋራዡንና ሱቄን የሚለያቸው አንድ ቆርቆሮ ነበር፤ ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምለው ከዚህ ማዶ ሆኜ ነው። አጭር፣ ደረቅ ያለ፣ ሲሄድ እጁን ወደ ኋላ የሚያጣምር ሰው። የአንገቱ ማተብ በግሪስ ጠቁሮ ክሩ አይለይም። በአሥራ አምስት ዓመት ይበልጠኛል። መጀመሪያ አንቱ ስለው «ጎረቤት፣ አንቱ ስትለኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ ይመስለኛል» አለኝና ተውኩት። እሱ ራሱ አማርኛው ላይ ሴትና ወንድ ይቀላቀልበታል። እናቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ «ደህና መጣህ እናቴ» ብሎ ነው የተቀበላት። እናቴ እስክታርፍ ድረስ በስልክ «ያ አንተ የሚለኝ ሰውዬ ደህና ነው?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር።

ሙያው መኪና ማቅለል ነው። ሌላውም ሥራ ይሠራል፣ የታወቀው ግን በዚህ ነው። በእኛ አገር መንገዱ ሽቅብ ነው። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ ገረሴ ልውጣ ያለ አሮጌ መኪና በአንደኛ ማርሽ ያለቅሳል። ቤንዚን ደግሞ አንድ ሳምንት አለ፣ ሦስት ሳምንት የለም። ስለዚህ የሾፌር ሁሉ ምኞት አንድ ነው፤ መኪናው ቀሎለት ሽቅቡን ቢወጣና ቤንዚኑ ቢበረክትለት። እኔ «ሰው ለመወፈር ይከፍላል፣ አንተ ለማክሳት ታስከፍላለህ» እያልኩ እተርበው ነበር። አይስቅም። ወደ ሥራው ይመለሳል።

መኪና ሲመጣለት ኮፈን አይከፍትም። መጀመሪያ ሊብሬ ይጠይቃል። መነጽሩን አድርጎ እንደ ዳዊት ደጋሚ ጣቱን እያስኬደ ያነባል፤ ባዶ ክብደቱ ስንት ነው፣ ስንት ሰው ይጭናል፣ የጎማው ቁጥር ስንት ነው። «ሲወለድ እንዲህ ነበር» ይላል። ከዚያ ባለቤቱ የጨመረበትን መፈለግ ይጀምራል። ሰው መኪናው ላይ የማይጭነው ነገር የለም። ምንጣፍ ሥር ሌላ ምንጣፍ፣ ከእሱ ሥር የዓመት ጭቃ። ጣሪያው ላይ ባዶውን የሚዞር የብረት ፖርቶመጋላ። ለማስፈራሪያ ፊት ለፊት የተበየደ የብረት አጥር። ከልኩ ያለፈ ጎማና ቸርኬ። ኋላ ደግሞ ሁለት ክሪክ፣ የሞተ ባትሪ፣ ቤንዚን የሞላ ጀሪካን። ጀሪካኑን ሲያይ ይቆጣል። «ይሄ ክብደት አይደለም፣ እሳት ነው» ብሎ መጀመሪያ የሚያወርደው እሱን ነው።

ሚዛኑ ግቢው ውስጥ ካለው የማንጎ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ጫሞ ዳር ለአንድ ዓሣ ነጋዴ መኪና ሠርቶ በምስጋና ያገኘው ነው። የቱንም ያህል በጋዝ ቢታጠብ ፀሐይ ሲመታው ዓሣ ዓሣ ይሸታል። የወረደውን እያንዳንዱን ነገር መንጠቆው ላይ ሰቅሎ ኪሎውን ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቆሞ መስማት አለበት። ከዚያ የማይቀር ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ሥራው መቼ ነው?» ባለቤቱ መልስ ካጣ፣ ዕቃው ግድግዳው ላይ ይሰቀላል። መልስ ካለው ይመለሳል። ስኮርታ ጎማ ሥራው ጎማ የፈነዳ ቀን ነው፤ ይመለሳል። ክሪክ አንዱ ይመለሳል፣ አንዱ ይቀራል። ስለ ጎማ ደግሞ የራሱ ስብከት ነበረው። ራስህ ላይ የተሸከምከው ድንጋይና እግርህ ላይ የታሰረ ድንጋይ እኩል አያደክምም፤ ስለዚህ ቸርኬና ጎማውን ወደ ሊብሬው ቁጥር መልሰው፣ ሽቅቡ ላይ ራስህ ታየዋለህ ይላል።

አቅልሎ ሲጨርስም ዝም ብሎ አይሰጥም። ፊቱ የቀለለ መኪና መብራቱ ሽቅብ እንዳያይ ያስተካክላል፣ የጎማውን ንፋስ ይለካል፣ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ፣ አቀበቱን አውጥቶ ሲመለስ ፍሬኑን ይሞክራል። በመጨረሻ ባለቤቱን «ለምርመራ ውሰደውና አሳያቸው፣ የምንደብቀው የለንም» ብሎ ይልከዋል። ይሄ ነው ሰውን የሚያሰለቸው። ሌላው ጋራዥ ግማሽ ቀን የሚፈጅበትን እሱ ሦስት ቀን ይፈጅበታል።

አንድ ጊዜ ለምን እንዲህ እንደሚያጠብቅ ጠይቄው ነበር። ወጣት ሳለ ሌላ ከተማ ትልቅ ጋራዥ ውስጥ ይሠራ እንደነበረ፣ አለቃው ባዘዘው የአንድ መኪና በር ውስጥ ያለውን ብረት ቆርጦ እንዳወጣ ነገረኝ። እኔ አደጋ የሰማሁ መስሎኝ ከንፈሬን መጠጥኩ።

«ምንም አልሆነም» አለኝ። «መኪናው ዓመት ሄደ። ማንም አልተጎዳም። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው። ምንም ስለማይሆን ነው ሰው የሚለምደው።»

ምናሴን እንግዲህ እዚህ ላይ ማምጣት አለብኝ። ምናሴ አሮጌ ነጭ አውቶሞቢል ነበረችው፤ ከመናኸሪያው ገረሴ ሰው ያመላልስባታል። ክፉ ሰው አይደለም። ይህን ለማለት ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሦስት ልጆች ያሉት፣ ሲስቅ ድዱ የሚታይ፣ ከሱቄ አንድ ቡሎን ሲገዛ ሦስት ቀልድ የሚያወራ ሰው ነበር። መኪናዋ አቀበቱ ላይ እምቢ ስትለው ወደ ጋሽ ዳልኬ አመጣት። ሦስት ቀን ተሠራች። ፖርቶመጋላው፣ የብረት አጥሩ፣ ትልልቁ ጎማ፣ ጭቃው፣ ጀሪካኑ፣ ሁሉም በሚዛኑ እየተጠራ ወረደ። አንድ በሬ የሚያህል ነገር ነው ግድግዳው ላይ የተሰቀለው። ምናሴ በማግስቱ ገረሴ ደርሶ ተመለሰና ጋሽ ዳልኬን አቅፎ ግንባሩን ሳመው። ሁለተኛ ማርሽ ይዛ ወጣች አለ። በዓይኔ ነው ያየሁት፣ ሁለቱም እንደ ልጅ ደስ ብሏቸው ነበር።

ደስታው የቆየው እስከ ክረምቱ ነው። ቤንዚን ጠፋ። ሰልፉ አንዳንዴ ሁለት ቀን ይፈጃል። ምናሴ በሳምንት የሚሠራው ሁለት ቀን ሆነ፣ ልጆቹ ግን የሚበሉት ሰባቱንም ቀን ነው። ስለዚህ ተመልሶ መጣ፣ አሁንም አቅልላት አለ። የኋላ ወንበሩ ከነብረቱና ከነቀበቶው ወጥቶ በምትኩ ቀለል ያለ የእንጨት አግዳሚ ይግባ፣ ሁለት ሰው ይጨምራል። ስኮርታውም ይውረድ። ግጭት የሚቀበለው የኋላ ፓራውልት ላስቲኩ ለዓይን ይቅር፣ ውስጡ ያለው ብረት ይውጣ። የበሮቹም ብረት ይውጣ።

ጋሽ ዳልኬ መፍቻውን አነሳ። የኋላውን በር ልባስ ፈታና የመጥረጊያ እንጨት የሚያህለውን፣ በሩን ከዳር እስከ ዳር የያዘውን ብረት አሳየው።

«ይሄ ምን ይሠራል?» አለው።

«ምንም» አለ ምናሴ።

«ልክ ነህ። ዕድሜውን ሙሉ ተቀምጦ ይበላል። አንድ ቀን፣ አንድ ሰከንድ ይሠራል። ለዚያች ሰከንድ ነው ተሸክመኸው የምትዞረው። እኔ አንተ የጫንከውን አወርድልሃለሁ። የሠሩትን አላወርድም።»

ምናሴ ሰከንድ ልጆቼን አያበላም ብሎ ሄደ። ከከተማው ሌላ ጫፍ አንድ በያጅ አገኘና ግማሽ ቀን እንኳ ሳይሞላ አስቆርጦ መጣ። ወዲያው አላወቅንም ነበር። በማግስቱ ሱቄ ፊት ለፊት አቁሞ ወረደና በሩን ዘጋው። ጋሽ ዳልኬ ሌላ መኪና ሥር ተኝቷል። ድምፁን ሲሰማ ከሥር ወጥቶ፣ ጀርባውን እንኳ ሳያራግፍ መጣና የበሩን መሀል በጣቱ አንጓ መታው። ኳ አለ። ቀጥሎ የሌላ ደንበኛ መኪና በር መታ። ዱም አለ። እጄን ይዞ እኔንም አስመታኝ። «ስማ ጎረቤት፣ ይሄኛው ባዶ ነው» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመኪና በር ሳላንኳኳ አልፌ አላውቅም፣ ልማድ ሆኖብኝ ቀረ።

ጋሽ ዳልኬ ለሚመለከታቸው ሄዶ ተናገረ። ቦሎዋ የዘንድሮ ነው፣ ጊዜዋ ሲደርስ ይታያል ብለው መለሱት። ሁለተኛም ሄደ፣ ያው ነው። ስለዚህ መናኸሪያ መሄድ ጀመረ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሲመለስ ምናሴ ሰው በሚጭንበት ቦታ ይቆምና ለሚገባው ሁሉ ይናገራል። ለአሮጊቷም ለኮረዳዋም ያው ነው፤ «እናቴ፣ እዚህ አትግባ። በሩ ባዶ ነው።» ገሚሱ ይስቃል። ገሚሱ የሌላ ሾፌር ተቀጣሪ ይመስለዋል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች አበደ ብለው በስልክ ይቀርጹታል። የምትሰማው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አስቴር የምትባል የገረሴ ቅቤ ነጋዴ። ሐሙስ ለገበያ ትወርዳለች፣ ዘመድ ቤት አድራ ዓርብ ጠዋት ትመለሳለች። እሱ ካለ ልክ ነው ብላ ዕቃዋን አውርዳ ሌላ መኪና ትጠብቃለች። ሁለት ሦስት ዓርብ እንዲህ ሆነ።

የምናሴ ሥራ ተበላሸ። ሌሎቹ ሾፌሮችም እኛንስ ነገ ምን ሊለን ነው ብለው ከምናሴ ጋር ቆሙ። አንድ ቀን ጠዋት ምናሴ ሱቄ ደጃፍ ላይ የጎማ መፍቻ ብረት አንስቶ ጋሽ ዳልኬ ላይ ቃጣ። ሰው ገባ እንጂ ይመታው ነበር። ነገሩ አስፈራኝ፤ እውነቱን ልናገርና ከጋሽ ዳልኬ ጋር ስለምታይ ሾፌሮቹም ከእኔ መግዛት ትተው ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል ይባል የለ? ሄጄ ሽማግሌ ጠራሁ። እኔ ነኝ የጠራሁት፣ ማንም አላዘዘኝም።

ጋሞ ዘንድ ሽማግሌ ርጥብ ሣር ይዞ ከተንበረከከ ጠብ ያበቃል። በቃ ነው። ሣሩን ረግጦ ማለፍ ጎሜ ነው፤ ጎሜ ማለት ነውርም ኃጢአትም የሆነ፣ ከሰውየው አልፎ ልጅና ከብት ላይ የሚደርስ ነገር ነው። ይህን ሁሉ ጋሽ ዳልኬ ራሱ ነው ያስተማረኝ። ሦስት ሽማግሌዎች ጋራዡ መጡ። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብዬ ሣሩን ከቦዩ ዳር ያጨድኩላቸው እኔ ነኝ። ዘይት በጠጣው መሬት ላይ፣ ማንጎው ሥር ተንበረከኩ።

ጋሽ ዳልኬ ብረቱን ይመልስና ዝም እላለሁ አለ። ምናሴ የዓመቱ ምርመራ ሲደርስ አስመልሳለሁ አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩና ይሄ ይበቃል አሉ። ትልቁ፣ ምናሴ ዳግመኛ ብረት እንዳያነሳ፣ ዳልኬም የዚህን ሰው እንጀራ በአፉ እንዳይነካ ፈረዱ። «ዝም አይነቅዝም» ብለው ሣሩን ዘረጉ። ጋሽ ዳልኬ ሣሩን ትክ ብሎ አየው። ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ከዚያ ተቀበለ። ሁለቱ ተሳሳሙ፣ እኔም ለስላሳ ጋበዝኩ። ያን ቀን ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነበር ያየሁት።

ከዚያ በኋላም ግን መናኸሪያ መሄዱን አልተወም። ቃል የገባሁት በአፌ ነው፣ እግሬን ማንም አልያዘውም አለኝ። ያው ቦታው ላይ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ይቆማል፣ አይናገርም። ሰው ቆሜ ሲያየኝ ያስታውሳል ብሎ ነው። ግትርነት መስሎኝ ተውኩት።

አንድ ዓርብ ገረሴ ላለ ደንበኛዬ ፊልትሮ ልልክ መናኸሪያ ሄድኩ። የምናሴ መኪና ልትነሳ ነው። አስቴር ባዶ የቅቤ ቅሏን፣ ሳሙናና ጨው ይዛ መጣች። እጇን በሩ ላይ አድርጋ ወደ ጋሽ ዳልኬ ዞረች።

«ጋሽ ዳልኬ፣ ልግባ?»

አፉን ከፈተ። አይቼዋለሁ። ምናሴ በመስታወቱ ያየዋል። ጋሽ ዳልኬ መጀመሪያ ወደ እኔ ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ መሬት።

አስቴር ፈገግ አለች። «ዛሬስ ዝም አልክ። አሠራት ማለት ነው» አለችና ገባች። በሩ አጠገብ ተቀመጠች።

እኔ ፊልትሮውን በመስኮት ለምናሴ አቀበልኩት። መልካም መንገድ አልኩ። እሱን ሣር ይዞታል። እኔን ምንም አልያዘኝም ነበር።

ገረሴ ሊደርሱ ትንሽ ሲቀራቸው፣ መታጠፊያ ላይ፣ ቁልቁል የሚመጣ አይሱዙ የመኪናዋን ጎን ነካ። እየተንፏቀቀ ነበር አሉ። የፊት መስታወቷ እንኳ አልተሰነጠቀም። ምናሴና ሌሎቹ በእግራቸው ወጡ። በሩ እንደ ወረቀት ገብቶ አስቴርን ያዛት፣ እስኪያወጧት አልቆየችም። የላክሁት ፊልትሮ ሳይጫር ደርሷል፤ ደንበኛዬ ደውሎ አመስግኖኛል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ለሁለት ሳምንት መናኸሪያውን የመኪና በር የሚያንኳኳ ሰው ሞላው። ከዚያ ተረሳ። ምናሴ ታስሮ ተፈታ፤ አሁን ባጃጅ ይነዳል፣ በሱቄ ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። በያጁ ጋ ሰልፍ አለ ይባላል። ቤንዚን አሁንም የለማ፣ ምን ያድርጉ።

የአስቴር ለቅሶ ላይ ከጋሽ ዳልኬ ጋር አብረን ሄድን። ጋሞዎች የተደበቀ ጥፋት በአደባባይ ካልተነገረ ጎሜው አይለቅም ይላሉ። ጋሽ ዳልኬ ከሰው መሀል ተነስቶ ቆመ፣ ባርኔጣውን አወለቀ። «አውቅ ነበር። ጠየቀችኝ። ዝም አልኳት» አለ። የአስቴር ባል ብድግ ብሎ መጣ። ይመታዋል ብዬ ነበር። እጁን ያዘና አጠገቡ አስቀመጠው፣ ውሃም አስመጣለት። ያ ነው የባሰው። ጋሽ ዳልኬ ብርጭቆውን እንደያዘ፣ ሳይጠጣ፣ ቀብር እስኪወጣ ተቀመጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ እሱን አየዋለሁ። አልተነሳሁም። ሽማግሌ የጠራሁት እኔ ነኝ፣ ሣር ያጨድኩት እኔ ነኝ፣ በመስኮት ፊልትሮ ያቀበልኩት እኔ ነኝ አላልኩም።

በዚያው ወር ጋራዡን ዘግቶ ኦቾሎ ወጣ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን፣ የምናሴን ፖርቶመጋላ ሳይቀር፣ ከሚዛኑ ጋር ጭኖ ሄደ። አንድ ጊዜ ብቻ ሄጄ ጠየቅኩት። ከቤቱ ጓሮ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀምጦ ከታች አባያ ሐይቅን ያያል። ከስቷል። ስለ መኪና ሳነሳበት ሸማኔው ጎረቤቱ ስላመጣው ድር ያወራኛል። በመጨረሻ አልቻልኩም፣ ሽማግሌዎቹን እኔ ባልጠራ ኖሮ ብዬ ጀመርኩ፤ እጁን አንስቶ አስቆመኝ።

«ሽማግሌም ደግ ነው፣ ሣርም ደግ ነው» አለኝ። «አንተም ደግ አስበህ ነው። እኔን ግራ የገባኝ ሌላ ነው። ሣሩን እምቢ ብል ጎሜ ነው። እሺ ብል ሰው ሞተ። አንተ ተምረሃል፣ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

ሲሸኘኝ የመጣሁበትን መኪና በር በጣቱ አንኳኳና ራሱን ነቀነቀ፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። ነገ እሄዳለሁ፣ ለፋሲካ እሄዳለሁ ስል ሦስት ዓመት ሞላ፣ ቆራሌው ቀደመኝ።

ትናንት ጠዋት ሚዛኑን በፌስታል ይዤ ወጣሁ። ለቅሶ ልድረስ፣ ሚዛኑንም ለልጁ ልመልስ ብዬ። መናኸሪያው ያው ነው። ወደ ኦቾሎ የምትወጣ አንዲት አውቶሞቢል ሞልታ አንድ ሰው ቀርቷታል። ቦታው በሩ አጠገብ ነው። ልማድ ነውና በጣቴ አንጓ መታሁት። ኳ አለ።

ሾፌሩ ዞሮ አየኝ። ውስጥ ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ወታደር፣ ልጅ ያዘለች ሴት አሉ፤ ሁሉም እንድገባላቸው ነው የሚጠብቁት። ጋሽ ዳልኬ ይቆምበት የነበረው ቦታ ባዶ ነው፣ አንድ ሰው ሙዝ ይሸጥበታል። «እናቴ፣ እዚህ አትግባ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጣ። በእሱ አማርኛ ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ ይገባሉ ወይስ አይገቡም?» አለኝ ሾፌሩ። «ቤንዚን የለም፣ ዛሬ ሌላ መኪና አይወጣም።»

ገባሁ። ሚዛኑን ጭኔ ላይ አደረግኩና በሩን ቀስ ብዬ ሳብኩት፣ ድምፁን እንዳልሰማ።